ፎቶዬንስ መቼ ታመጣልኛለህ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሰው ምስል የሚናገርባቸው አጫጭር አንቀጾች አሉት። አንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ ለሽያጭም አይቀርብም ይላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ወዲያው ተከትሎ በሩን ገርበብ ያደርገዋል። ሰውዬው ታዋቂ ከሆነ፣ የመንግሥት ሹም ከሆነ፣ ነገሩ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ ካስፈለገ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ከጠቀመ፣ ወይም ፎቶው በአደባባይ ከተፈጸመ ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ጉዳይ ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ መጠየቅ ግድ አይደለም። አንቀጽ 29 መብቱ የተነካበት ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ምን መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ኮድ ጽፌ ነው የምኖረው። ግን እነዚህን አንቀጾች መጀመሪያ ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ ምክንያቱም ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ያረቀቀው ይህ ሕግ ዛሬ በዓለም ላይ ፎቶ በጅምላ የሚሸጡት ኤጀንሲዎች ዕቃቸውን የሚለዩበትን መስመር ቁልጭ አድርጎ አስምሮታል። በእነሱ ቋንቋ አንደኛው መደብ «ኮሜርሻል» ይባላል። ፎቶው ለማስታወቂያ ስለሚውል የታየው ሰው የፈረመበት የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል። ሁለተኛው «ኤዲቶሪያል» ነው። ጋዜጣ፣ መጽሔት፣ የመማሪያ መጽሐፍ፣ ዘጋቢ ፊልም ይገዛዋል፤ ፊርማ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው እውነተኛ መግለጫ ነው። የት፣ መቼ፣ ማን፣ ምን ሲያደርግ። አንቀጽ 27 ኮሜርሻሉ ነው፣ አንቀጽ 28 ኤዲቶሪያሉ። ኢትዮጵያ ደግሞ፣ ከጥቂት የቡና ማስታወቂያ በስተቀር፣ በዓለም የፎቶ ገበያ ላይ የኖረችው በአንቀጽ 28 በር ገብታ ነው።

መቼ ገባች ካላችሁ፣ ቀኑን በጣት መጠቆም ባይቻልም ዓመቱን መጠቆም ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. 1935።

ከዚያ በፊት ፎቶ አልነበረንም ማለቴ አይደለም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአርመኑ የቦያጂያን ቤተሰብ፣ አባትየው ቤድሮስ፣ ኋላም ልጆቹ፣ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሱ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው የንግሥ በዓልም የውጭ ካሜራ ሞልቶ ነበር፤ ናሽናል ጂኦግራፊክ በሰኔ 1931 እትሙ የሮበርት ሙርን ባለ ቀለም ፎቶዎች ይዞ ወጥቷል። ነገር ግን እነዚህ በአመዛኙ ለአንድ ደጃፍ የተነሱ ፎቶዎች ናቸው። ወይ ለቤተ መንግሥት፣ ወይ ለአንድ መጽሔት። አንድ ፎቶ ተነሥቶ ለማንም ከፋይ፣ ደግሞ ደጋግሞ፣ ለዘላለም የሚሸጥበት ገበያ ገና እግሩን እየተከለ ነበር።

እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1935 አሶሺየትድ ፕሬስ ፎቶን በስልክ መስመር ከከተማ ወደ ከተማ የሚልክበትን «ዋየርፎቶ» የተባለ አገልግሎት በአሜሪካ ጀመረ። በዚያው ዓመት ኦቶ ቤትማን የተባለ አይሁዳዊ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ፣ ፎቶና ፊልም የሞላባቸው ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች ይዞ ኒው ዮርክ ገባ፤ በማግስቱ ዓመት ቤትማን አርካይቭን አቋቋመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሌሎች ሦስት ጀርመናውያን ስደተኞች ብላክ ስታር የተባለውን የፎቶ ኤጀንሲ እዚያው ኒው ዮርክ ከፈቱ። በጣሊያን በኩል ደግሞ ኢስቲቱቶ ሉቼ የተባለው የፋሺስት መንግሥት የፊልም ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪካ ብቻ የሚሠራ ክፍል አደራጀ። ገበያው ድንኳኑን ተክሎ ሲጨርስ ዕቃው መጣ፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።

ከዚያ ቀደም ባሉት ወራት አዲስ አበባ ጦርነት በሚጠብቁ የውጭ ጋዜጠኞች ተጨናንቃ ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዋው ከእነሱ አንዱ ነበር፤ ከዚያ ልምዱ ተነሥቶ በጋዜጠኞች ላይ የሚያላግጥ ልብ ወለድ ጽፏል። የሚሠራ ዜና የለም፤ ግን ጋዜጣው ፎቶ ይፈልጋል። ስለዚህ የሚገኘው ሁሉ ተነሣ። ገበያ፣ በቅሎ፣ ጎራዴ፣ ጎፈር፣ ባዶ እግር።

ከባዶ እግሮቹ አንዱን ያነሣው አልፍሬድ አይዘንስታት ነው። በ1935 ለአሶሺየትድ ፕሬስ እየሠራ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፣ ከዚያም በላይፍ መጽሔት ስሙ ገነነ። የዚያ ጉዞው በጣም የታወቀ ፎቶ የአንድ ወታደር እግር ነው። ጭቃ የያዘ፣ ጫማ የሌለው፣ ቁርጭምጭሚቱ በጨርቅ የተጠቀለለ እግር ብቻ። ፊት የለውም። በሙያው ዓይን ሲታይ ድንቅ ፎቶ ነው፤ አልክድም። ታንክና የመርዝ ጋዝ የታጠቀ ጦር በምን ዓይነት እግር ላይ እንደዘመተ ከአሥር ገጽ ዘገባ በላይ ይናገራል። ግን ፊት ስለሌለው መግለጫው ውስጥ ስም የለም፤ ስም ስለሌለው ደግሞ ለማንኛውም ጽሑፍ ይሆናል። ስለ ጦርነት፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ጫማ ታሪክም ቢሆን። ገበያው የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው።

የዚያ ዘመን ፎቶዎች አሁን የት እንዳሉ መከታተል በጣም ይገርማል፤ የእኔ ዓይነቱ ሰው የሚወደው ሥራ ነው፣ ከአንዱ ዳታቤዝ ወደ ሌላው። የቤትማን አርካይቭ በኋላ ዩፒአይ የተባለውን የዜና ድርጅት ትልቅ የፎቶ ክምችት ጨምሮ ከ11 ሚሊዮን በላይ ምስል ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1995 ቢል ጌትስ የመሠረተው ኮርቢስ ገዛው። ኮርቢስ ፊልሞቹ እንዳይበላሹ ብሎ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ቀድሞ የኖራ ድንጋይ ይወጣበት በነበረ ዋሻ፣ ከመሬት በታች፣ በቅዝቃዜ አስቀመጣቸው። በ2016 ቪዥዋል ቻይና ግሩፕ የኮርቢስን የፎቶ ንብረት ገዛ፤ ከቻይና ውጭ የሚሸጠው ደግሞ ጌቲ ኢሜጅስ ሆነ። ጌቲን በ1995 የመሠረቱት ማርክ ጌቲና ጆናታን ክላይን ናቸው፤ ማርክ የነዳጁ ባለጸጋ የጄ. ፖል ጌቲ የልጅ ልጅ ነው። በማግስቱ ዓመት የእንግሊዙን የሃልተን ክምችት ገዙ። እንግዲህ ቁጠሩት። በ1928 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ የወጣ አንድ የዜና ፎቶ ፊልሙ ፔንሲልቬንያ ዋሻ ውስጥ፣ ባለቤቱ ቤጂንግ፣ ሻጩ ሲያትል ሊሆን ይችላል። አንድ የኢትዮጵያ አሳታሚ የአያቱን ዘመን በመጽሐፉ ሊያሳይ ሲፈልግ ደግሞ ክፍያው በዶላር ነው።

ሉቼም እንደዚያው ነው። የፋሺስቱ ድርጅት ክምችት ዛሬ የጣሊያን መንግሥት ንብረት ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ተደራጅቶ ይታያል፣ ለማሳተም ግን ይከፈልበታል። ወራሪው ያነሣውን ፎቶ የተወረረው ይገዛል። ሰው ይህን ሲሰማ ቶሎ ይቆጣል፤ እኔም እቆጣለሁ፣ ነገር ግን የኛን መዝገብ ቤቶች ያየ ሰው ቁጣውን ትንሽ ያበርዳል። ፊልሙ እዚያ ባይቀመጥ ኖሮ እዚህ ተቀምጦ ይገኝ ነበር ብሎ የሚምል ማን ነው? ሽመልስ ደስታን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1982 ቤተ መንግሥትንና ከዚያ በኋላ የመጣውን ደርግ ያነሣ ኢትዮጵያዊ ነው። በ1982 ወደ እንግሊዝ ተሰደደ፤ ሥራውን ለዓለም ያሳየው ለንደን የሚገኘው ኦቶግራፍ የተባለ ተቋም ነው። እዚህ አይደለም።

ወደ ደቡብ፣ ወደኔ አካባቢ ስንወርድ ደግሞ ነገሩ ይሳሳል። እኔ የፎንቆ ልጅ ነኝ። ፎንቆ የአና ሌሞ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሆሳዕና ብዙ አትርቅም። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሆሳዕና የገቡት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ካሜራ ነበራቸው፤ ለደጋፊዎቻቸው በሚልኩት ጽሑፍ ላይ የአካባቢያችን ሰው ፊት ይታያል። የፍራንክፈርቱ ፍሮቤኒዩስ ኢንስቲትዩት ከ1930ዎቹ ጀምሮ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የምርምር ጉዞዎች ልኳል፤ የፎቶ ክምችቱም ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ይፈለጋል። ከዚያው የምርምር ባህል የወጣው ኡልሪሽ ብራውኬምፐር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሀዲያ ውስጥ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ሠርቶ በ1980 በጀርመንኛ ያሳተመው የሀዲያ ታሪክ እስከዛሬ ከኛ ወገን ማንም ሊያልፈው አልቻለም። እነዚህ ግን የገበያ ፎቶዎች አልነበሩም። አንዱ ለወንጌል፣ ሌላው ለሳይንስ ነው የተነሡት። በገበያው በኩል ሀዲያና ከምባታ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሉም ማለት ይቀላል።

የኛ የራሳችን ፎቶ ጉርድ ፎቶ ነበር። ለቀበሌ መታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት ምዝገባ፣ በኋላም ለፓስፖርት። ሆሳዕና ከሚገኝ ፎቶ ቤት ሄዶ፣ ፀጉር አበጥሮ፣ ከግድግዳው ላይ ከተሳለ ፏፏቴ ፊት ቆሞ መነሳት። የዚህ ውል ግልጽ ነው። ተነሺው ይከፍላል፣ ፎቶ አንሺው ያጥባል፣ ተነሺው ቀን ቆጥሮ ሄዶ ፎቶውን ይወስዳል። ፎቶ የተነሣው ሰው ንብረት ነው። ይህ ውል በሰው አእምሮ ውስጥ ምን ያህል ጥልቅ ሥር እንዳለው በኋላ እመለስበታለሁ።

ከ1928 ቀጥሎ ገበያው ኢትዮጵያን ዳግም በሰፊው የገዛት በ1977 ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ኮረምን አሳየ። ዘገባው የማይክል ቡርክ ነው፤ ካሜራውን የያዘው ግን ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። አሚንን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ለዚያ ፊልም ብቻ ነው፤ እኔን የሚስበኝ ሌላው ነገሩ ነው። ሰውየው ተቀጣሪ አልነበረም። ካሜራፒክስ የተባለ የራሱን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1963 ዳሬ ሰላም ውስጥ አቋቁሞ፣ ኋላ ናይሮቢ አደላድሎ፣ የምሥራቅ አፍሪካን ፎቶና ፊልም ለዓለም የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ማለትም ሽያጩ የግድ በኒው ዮርክና በለንደን እጅ መሆን እንደሌለበት አንድ አፍሪካዊ በተግባር አሳይቷል። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሲፈነዳ አንድ እጁን አጣ፤ በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራ መያዙን ቀጠለ። በኅዳር 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከሞቱት አንዱ ሆነ።

የዚያ ረሃብ ሌላኛዋ ፊት ብርሃን ወልዱ ናት። የካናዳ ቴሌቪዥን ቡድን ልትሞት ደቂቃዎች ቀርተዋታል የተባለችን ሕፃን ቀረጸ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በላይቭ ኤድ ኮንሰርት ዓለም በስክሪን አየው። ያኔ ለተመልካቹ ስም አልነበራትም። ልጅቷ አልሞተችም። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ ከማዶና ጎን ቆማ ታየች። ይህን ታሪክ ሰዎች እንደ ተአምር ያወሩታል፤ ተአምርም ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው በመሃል ስላሉት ሃያ ዓመታት ነው። አንድ ሰው ትግራይ ውስጥ እያደገ፣ እየተማረ፣ ፊቱ ደግሞ በሌላ ዓለም ውስጥ ያለ ስም ይዞራል። በአንቀጽ 28 ዓይን ምንም ጥፋት የለም፤ ጉዳዩ ሕዝብን የሚመለከት ነው። የዚያ ፊልም ብር ነፍስ አድኗል፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱን እውነቶች አንድ ላይ መያዝ ያስቸግራል፤ ቢሆንም አንዱን መጣል አልፈልግም።

በ2000 ዓ.ም. ተራው የኛ ሆነ። ዝናብ ቀርቶ፣ ዋጋ ንሮ፣ ወላይታ፣ ከምባታና ሀዲያ ውስጥ ሕፃናት በምግብ እጥረት ሲጎዱ የውጭ ጋዜጦች «አረንጓዴ ረሃብ» አሉት፤ መሬቱ ለምለም፣ ሕፃኑ ግን አጥንት ብቻ። ስያሜው የፎቶ ችግር ነው እንጂ የረሃብ ችግር አይደለም። ፎቶ አንሺው የለመደው ረሃብ ከጀርባው አሸዋ ነበረው፤ እዚህ ከጀርባው እንሰት ቆሟል፣ ዳራው ለታሪኩ አልታዘዝ አለ። ስለዚህ ብዙዎቹ ወደ ፊት ቀረቡ። ዓይን፣ ክንድ፣ የጎድን አጥንት። ዳራው ከፍሬሙ ወጣ። የአካባቢያችን ስም በኤጀንሲዎች ማውጫ ውስጥ በብዛት የገባው በዚያ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልምጣ። ሆሳዕና የሚኖር የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው፤ አብረን ነው ያደግነው። ሠርግ በማይኖርበት ጊዜ፣ ማለትም በጾም ወራት፣ ለአንድ የውጭ ኤጀንሲ ኤዲቶሪያል ፎቶ ይልካል። ይህ ሊሆን የቻለው እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ ገበያው ስለተገለበጠ ነው። አይስቶክፎቶ በ2000 ካናዳ ውስጥ ተጀመረ፤ በ2003 ጆን ኦሪንጀር የተባለ ፕሮግራመር ራሱ ባነሣቸው 30,000 ገደማ ፎቶዎች ሸተርስቶክን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ማንም ካሜራና ኢንተርኔት ያለው ሰው መላክ ይችላል፤ ዋጋው ግን ወረደ፤ በጣም ወረደ። ሸተርስቶክ በሰኔ 2020 ባወጣው አሠራር ፎቶ አንሺው ከ15 እስከ 40 ከመቶ ያገኛል፤ ደረጃው በየዓመቱ ጥር 1 ቀን ወደ ታች ይመለስና እንደገና መውጣት ይጀመራል። ዝቅተኛው ክፍያ ለአንድ ማውረድ 10 ሳንቲም፣ የአሜሪካ ሳንቲም ማለት ነው።

የጓደኛዬ ኤጀንሲ ከዚህ ትንሽ ይሻላል። አንድ ፎቶ በ15 ዶላር ቢሸጥና ድርሻው 30 ከመቶ ቢሆን 4.50 ዶላር ይደርሰዋል። ገዢው አሜሪካ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት 30 ከመቶ ተቀንሶ 3.15 ይሆናል። ሃምሳ ዶላር ካልሞላ አይከፈልም። ሲሞላም የሚገባው ደቡብ አፍሪካ በሚኖር የአክስቱ ልጅ ሒሳብ ነው፤ ሀዲያ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተፈቀደ ወዲህ ያችው 50 ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆናለች፤ የሌንስ ዋጋም አብሮ ስለወጣ ግን ነገሩ ዞሮ ዞሮ ያው ነው።

እኔ እዚህ ውስጥ የገባሁት በመግለጫው በኩል ነው። ኤዲቶሪያል ፎቶ ያለ ትክክለኛ ቦታና ቀን ተቀባይነት የለውም። የኤጀንሲው ቅጽ ከተማ ከዝርዝር እንዲመረጥ ያዛል፤ ፎንቆ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ክልል ሲባል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የለም፤ ያለው ድሮ የፈረሰው ደቡብ ብሔሮች ነው። ሆሳዕና አለች፤ ግን በላቲን ፊደል ቢያንስ በአራት አጻጻፍ። ከአራቱ አንደኛው ከበዓሉ ስም ጋር አንድ ስለሆነ ፈላጊው የሚያገኘው ከተማችንን ሳይሆን ዘንባባ የያዙ የላቲን አሜሪካ ሕፃናትን ነው። በቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ብትሉ ዩኒቨርሲቲው ይመጣል። ሀዲያም ሦስት ዓይነት ይጻፋል። እንሰትን ደግሞ ሥርዓቱ በራሱ ተርጉሞ «ሐሰተኛ ሙዝ» ይላታል። ሚሊዮኖችን የሚመግብ ተክል፣ ሙዝ ባለመሆኑ ሐሰተኛ ተባለ!

ለፕሮግራመር ይህ ተራ ችግር ነው፤ የስም ሠንጠረዥ ነው የሚፈልገው። የዜና ድርጅቶች ምክር ቤት የሆነው አይፒቲሲ ባወጣው ደረጃ መሠረት መግለጫው፣ የፎቶ አንሺው ስም፣ ቦታውና ቁልፍ ቃላቱ እዚያው ፎቶው ፋይል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ፎቶው የትም ቢሄድ አብረው ይሄዳሉ፣ ሆን ብሎ የሚፍቃቸው ከሌለ። ስለዚህ ለጓደኛዬ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩለት። ቦታውን በአማርኛ ሲጽፍ ሁሉንም የላቲን አጻጻፎች፣ ወረዳውንና ዞኑን ራሷ ትጨምራለች። «እንሰት» ሲል «እንሰት» ትላለች፣ ቆጮና ቡላንም ትጨምራለች፤ ሐሰተኛውን ሙዝም፣ ምን ይደረግ፣ ፈላጊው በዚያ ስለሚፈልግ፣ በመጨረሻ ታስገባለች።

ነገር ግን ፕሮግራም የማይፈታውን ያየሁት አብሬው ስወጣ ነው። ፎንቆ አጠገብ አንዲት እናት እንሰት ይፍቁ ነበር፤ ቅጠሉን ጣውላው ላይ በእግራቸው ደግፈው፣ ሁለት ጎረቤቶቻቸው አጠገባቸው። ጓደኛዬ በሀዲይኛ ሰላምታ ሰጠ፣ ተጨዋወተ፣ ፎቶ ላንሣ ብሎ ጠየቀ፣ ፈቀዱ። አንቀጽ 27 ተሟላ ማለት ነው፤ ባይሟላም ኤጀንሲው ግድ የለውም። ካነሣ በኋላ ካሜራው ላይ አሳያቸው፤ ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ጨርቅ ላይ ጠረጉና «ፎቶዬንስ መቼ ታመጣልኛለህ?» አሉት።

ጥያቄው የጉርድ ፎቶ ቤቱ ውል ነው። ተነሣሁ፤ ስለዚህ የኔ ነው። የምከፍል ከሆነም ንገረኝ። ፈቃዳቸውን የሰጡት ለዚህ ነው እንጂ አምስተርዳም ያለ አንድ መጽሔት ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲጽፍ ገጽ ማሙያ እንዲያደርጋቸው አይደለም። ጓደኛዬ ሊያብራራላቸው ሞከረ። «እማማ፣ ውጭ አገር ጋዜጣ ላይ ሊወጣ ይችላል» አላቸው። እሳቸው ነገሩን አልተቃወሙም፣ እንዲያውም ኮሩ፤ ግን «እሱስ ይሁን፣ የኔን ማለቴ ነው» አሉ። ማንም ኤጀንሲ ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለውም። ሕጋችንም የለውም፤ መፍቀድን ያውቃል፣ መከልከልን ያውቃል፣ ድርሻን አያውቅም።

ስለ ሕጉ ካነሣሁ፣ የፎቶ አንሺውም ዕጣ ከተነሺው ብዙም አይሻልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ የሰጠው የጥበቃ ዘመን ፎቶው ከተነሣበት ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ብዙ የውጭ አገሮች ፎቶ አንሺው ከሞተ በኋላ እንኳ 70 ዓመት ይጠብቃሉ። ስለዚህ በእኛ ሕግ ዓይን የ1977 ፎቶዎች ጥበቃቸው ካበቃ ቆይቷል፤ ለንደን ውስጥ ግን ገና በዋጋ ይሸጣሉ። በ1990 ዓ.ም. ሆሳዕና ውስጥ ሠርግ ያነሣ ሰውም፣ ሥራው ዛሬ ድንገት ቢፈለግ፣ በአገሩ ሕግ ምንም መጠየቅ አይችልም።

የሚካካስ ነገር የለም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2010 አይዳ ሙሉነህ አዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታለች፤ ራሷ የዋሽንግተን ፖስት ፎቶ ጋዜጠኛ ነበረች። የዜና ድርጅቶቹም የአገሩን ሰው መቅጠር ጀምረዋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ኢቲ 302 ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰው ሲሞት ለአሶሺየትድ ፕሬስ እዚያ የነበረው ሙሉጌታ አየነ ነው። ዘመዷን ያጣች ሴት አፈር አንሥታ ፊቷ ላይ ስትበትን ያነሣበት የፎቶ ተከታታይ በ2020 የወርልድ ፕሬስ ፎቶ የመጀመሪያ ሽልማት አግኝቷል። ያ ፎቶ ለእኔ ከአይዘንስታት እግር ተቃራኒ ነው። አፈሩን የምትበትነው ሴት ለውጭ ተመልካች እንግዳ ትሆናለች፤ ሐዘን ለተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ግን ምን እያደረገች እንደሆነ መግለጫ አያሻውም። ፎቶ አንሺው የት መቆም እንዳለበት፣ መቼም መተኮስ እንዳለበት ያወቀው ከዚያ ይመስለኛል። ያም ሆኖ የሚሸጠው ኒው ዮርክ ነው፤ አሶሺየትድ ፕሬስ በ1935ም ኒው ዮርክ ነበር።

አሁን ደግሞ ገዢው መጽሔት ብቻ አይደለም። ሸተርስቶክ ክምችቱን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች ማሠልጠኛነት እየሸጠ ነው፤ ጌቲ በ2023 ስቴቢሊቲ ኤአይን ምስሎቼን ያለ ፈቃድ ተጠቀመ ብሎ ከሰሰ፤ በጥር 2025 ደግሞ ሁለቱ ተቀናቃኞች፣ ጌቲና ሸተርስቶክ፣ ሊዋሃዱ እንደሆነ አስታወቁ። የእኔ ሙያ ሰዎች ይህን «ዳታ» ይሉታል። ማሽኑ «ኢትዮጵያ» ሲባል ምን ዓይነት ምስል እንደሚያወጣ የሚወስነው በ1928፣ በ1977 እና በ2000 ምን እንደተነሣ፣ መግለጫውም ምን ይል እንደነበር ነው። «ሀዲያ» ሲባል ደግሞ ከሦስቱ አጻጻፍ የትኛው እንደተጻፈ።

ጓደኛዬ ሆሳዕና ካለው ማተሚያ ሦስት ፎቶ በትልቁ አሳትሞ በገበያ ቀን ፎንቆ ወስዶ ሰጣቸው፤ አንዱ ለሳቸው፣ ሁለቱ ለጎረቤቶቻቸው። የሦስቱ ማሳተሚያ ፎቶው እስካሁን ካስገባለት በለጠ። እሳቸው መጀመሪያ ያዩት ፊታቸውን ሳይሆን እንሰቱን ነው፤ ከኋላ የቆመው ተክል የጎረቤት እንጂ የሳቸው እንዳልሆነ፣ የሳቸው የበለጠ እንደሚያምር ተናገሩ፤ በሱ ፊት ካልሆነ ሁለተኛ እንደማይነሡም አስጠነቀቁት።